የአባቴ ለቅሶ በቴሌቪዥን

ዓርብ፣ ጥቅምት 7። ከቀኑ 9፡30

ምሳ አለቀ። ሩዝ። ትናንትም ሩዝ። ሰይድ ስልኩን የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ላይ አስደግፎታል። ጋሽ ታደለ አልጋው ጫፍ ላይ፣ የሚጠብቀውን የገበያ ሞል የጥበቃ ሱሪ እንኳ ሳያወልቅ። እኔ ወለሉ ላይ፣ ከሁሉም ፊት። ዓርብ በዚህ ሰዓት ዶሃ፣ አል አስማኽ ሰፈር ያለችው ክፍላችን ውስጥ ማንም አይተነፍስም። «ሽንቁሩ ድስት» ነው፤ ሐሙስ አገር ቤት የታየውን ድራማ እኛ ዓርብ በስልክ እናየዋለን።

ደብተሬ፣ ቀኑን ሙሉ ፍራሽ ሥር ስለምትውዪ ላስረዳሽ። ድራማው ስለ አንድ ቤተሰብ ነው። አባት ሥራ የለውም፤ የቤት ዕቃ እየሸጠ ይጠጣል። እናት ካኮረፈችው አምስት ዓመት ሆኗታል፣ የምታናግረው በድመቷ በኩል ነው። ድመት፣ ለዚያ ሰውዬ ሽሮው ቀርቧል በይው። ባለፈው ክፍል አባትየው የውጭውን በር ሸጠ። ልጆቹ በየተራ በር ሆነው ቆሙ። እንግዳ ሲመጣ የትልቁን ልጅ ግንባር ያንኳኳል! ሰይድ ሩዙ በአፍንጫው ወጣ።

ዛሬ ግን የታነቅኩት እኔ ነኝ።

አባትየው ጥሎ ይጠፋል። እናትየው ትቶኝ ሄደ ከምትል ሞተ ትላለች። ድንኳን ይተከላል። እድርተኛው ይጎርፋል። ድንኳኑ ውስጥ የሚሰቀል ፎቶ ይፈለጋል፤ ያለው አንድ ብቻ። ሰውዬው ሠርግ ላይ፣ አፉን በሰፊው ከፍቶ፣ የዶሮ ታፋ ይዞ። ለቀስተኛው ሁሉ እየገባ ለዶሮው እጅ ይነሳል።

የእኔ ነው! ድንኳኑ የእኔ። ፎቶው የእኔ። ዶሮው የእኔ። እኔ አስቻለው በገዛ እጄ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ አራት ገጽ የጻፍኩት ነው። መጨረሻ ላይ የስም ዝርዝር መጣ። ደራሲ እገሌ፣ መብራት እገሌ፣ ሻይ ያፈላ እገሌ። እኔ የለሁም። ሻይ ያፈላው አለ!

ጮኽኩ። ሰይድ አላመነኝም። ጋሽ ታደለ፣ አንተ ልጅ ባለፈው ደግሞ የሞሉን ሕንፃ የነደፍኩት እኔ ነኝ ብለህ ነበር አለኝ። እሱ ቀልድ ነበር። ይሄ እውነት ነው። መለየት ያቃታቸው እነሱ ናቸው።

ታሪኩ የማን ነው አለ ሰይድ። የጎረቤት፣ አልኩት።

11 ሰዓት

ለአንቺ አልዋሽም። የጎረቤት አይደለም።

ቅዳሜ፣ ጥቅ. 8። ዐይን ኻሊድ፣ የልብስ መተኮሻው ሱቅ፣ በምሳ ሰዓት

የዐረቦቹን ነጭ ረጅም ቀሚስ፣ ቶብ ስተኩስ አረፈድኩ። ደብተሬ፣ ዶሃ ውስጥ እንደኔ ቶብ የሚተኩስ የለም። እኔ የተኮስኩት ኮሌታ ላይ ዝንብ ብታርፍ ትንሸራተታለች። ሙዲሩ፣ አለቃችን፣ ራሱ መስክሯል (በአፉ ባይሆንም በዓይኑ)። ዛሬ ግን አንድ ኮሌታ አቃጠልኩ። ንዴት ነው።

እንዴት እንደሆነ ላጫውትሽ። እዚህ የምማርበት የማታ ት/ቤት ሊዘጋ ሲል መ/ርት ሰብለ የመጨረሻ ፈተና ሰጠችን። ቀን ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ናት፣ ማታ እኛን ሀ ሁ ታስቆጥራለች፣ በነፃ። በዓይናችሁ ያያችሁትን አንድ ነገር ጻፉ፣ የሰማችሁትን አይደለም አለች። አንደኛ ወጣሁ። ከአሥራ አንድ ተማሪ! (ሰባቱ ሹግል፣ ሥራ ላይ ስለነበሩ አልተፈተኑም። አያገባኝም።) የጻፍኩትን አንብባ ሳቀች፣ ከዚያ ዓይኗን ጠረገች፣ ከዚያ እንደገና ሳቀች። በሠላሳ ሦስት ዓመቴ ፊደል የቆጠርኩ ሰውዬ ሰው በወረቀት አስለቀስኩ። ታዲያ ዝም ብዬ ልቀመጥ? ድራማው በየመጨረሻው ታሪክ ካላችሁ ላኩልን ይላል። ጣቴ እስኪደነዝዝ ስልኬ ላይ ገልብጬ በቴሌግራም ላክኩት። ከላይ፦ ይህ የጎረቤቴ ታሪክ ነው። ከታች፦ ሙሉ ስሜ፣ ከሞጆ፣ ለጊዜው ዶሃ።

ያየሁት ይህ ነው። አባቴ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። አንድ ክረምት ወጥቶ ቀረ። እማዬ ፈልገህ አምጣው ብላ ላከችኝ። ዝዋይ አገኘሁት። ጎሚስታ ቤት ከፍቷል፣ ሌላ ሚስት አግብቷል፣ ወፍሯል። ምሳ ጋበዘኝ። በማግሥቱ በጧት ሞጆ ገባሁ። እማዬ በር ላይ ቆማለች። አለ፣ ደህና ነው፣ አይመጣም፣ አልኳት። ነጠላዋን አነሳች፣ ጥለቱን ዘቅዝቃ ለበሰች፣ ደጅ ወጣች፣ እሪ አለች። ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ መጣ። መኪናው ተገልብጦ ሞተ፣ እዚያው ቀበሩት አለች። ባሏ ጥሏት የጠፋ ከሚሉኝ የሞተባት ይበሉኝ ነው ነገሩ። ቄሱ በሕይወት ላለ ሰው ፍትሐት ፈቱ። ሦስት ቀን ድንኳን። ሰፈሩ ንፍሮ ቀቀለ፣ ውሃ ቀዳ። የሴቶቹ እድር ሊቀመንበር እትዬ ዘነቡ ሦስቱንም ሌሊት እማዬ አጠገብ መሬት ላይ ተኛች።

ይኸው ስምንት ዓመት። ከእማዬና ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። (አባቴ አለ፤ ግን መሞቱን አልነገርነውም።)

ማታ

ለድራማው ሰዎች ጻፍኩ። ጠንከር ያለ ደብዳቤ። ሻይ ያፈላው ስም ሲያገኝ ለቅሶውን ያፈላሁት እኔ የት ገባሁ? መ/ርት ሰብለ ብታየው ቃለ አጋኖ በዛ ትላለች። አላሳየኋትም።

ሰኞ፣ ጥቅ. 10። ከሥራ መልስ

መለሱ! አላልኩሽም? ይቅርታ ጠየቁ። እርስዎ ብለውኛል። ድራማው አንድ ሳምንት አዲስ፣ አንድ ሳምንት ድጋሚ ነው የሚተላለፈው። ድጋሚው የፊታችን እሑድ 10 ሰዓት። እዚያ ላይ ስሜን ያስገባሉ፦ ታሪኩን የላኩልን አቶ አስቻለው ከሞጆ። አቶ! ክፍሏን ሁለት ጊዜ ዞርኳት። ትንሽ ስለሆነች ቶሎ አለቀች። ሰይድ ጎንበስ ብሎ፣ አቶ አስቻለው ዛሬ ቆሻሻ የመጣል ተራው የእርስዎ ነው አለኝ። ይቅና።

ደግሞ ጊዜው መግጠሙ! ለገና አገር እገባለሁ። አራት ዓመቴ ነው፣ ፈቃዴ ተፈርሟል፣ ሱፍ ገዝቼ ግድግዳው ላይ ሰቅያለሁ። ዕቅዴ፦ እትዬ ዘነቡ ደጅ ላይ ጋዜጣ ዘርግቼ፣ እግሬን አነባብሬ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ማንበብ። ፊደል የማይገባው የሾፌሩ ልጅ እያሉ ያሳደጉኝ ሁሉ ይሰሙኛል።

ለእማዬ ደውዬ ልንገራት።

ከምሽቱ 1 ሰዓት

ደወልኩ። እማዬ ስልክ ስታወራ ድምፁን ለቃ፣ እጇን ዘርግታ ነው። አጥፊው ስላት አልችልበትም ልጄ ትላለች። ለእሷ ደወልኩ ማለት ለሰፈሩ ደወልኩ ማለት ነው። ሴቶቹ በየተራ ጮኹብኝ። አስቹ፣ ሚስት አታመጣም ወይ! ሙቀቱ አጠቆረህ አሉ! ከዚያ እትዬ ዘነቡ። ሐሙስ መብራት ጠፍቶ «ሽንቁሩ ድስት» አመለጠን፣ እሑድ ግን ሰፈሩ በሙሉ እኔ ቤት ነው፣ ትልቅ ቴቪ ገዝቻለሁ፣ እናትህን ፊት ነው የማስቀምጣት አለችኝ።

እሑድ። አሥር ሰዓት። ፎቶው። ዶሮው። ስሜ። ከሞጆ።

ኔትወርክ የለም ብዬ ዘጋሁ።

ደብተሬ፣ ያ ፎቶ እኮ ሦስት ቀን ድንኳን ውስጥ ተሰቅሎ ሰፈሩ ሁሉ አልቅሶበታል። ማን ይረሳዋል? እንዴት አላሰብኩትም? ስሜን እያሰብኩ ነበራ!

ማክሰኞ፣ ጥቅ. 11

እንደገና ጻፍኩ። ስሜን አውጡ። ፎቶውን አውጡ። ቢያንስ ዶሮውን አውጡ፣ ሙዝ ይያዝ። መልስ የለም። በየአምስት ደቂቃው ስልኬን አየሁ። ሁለተኛ ቶብ አቃጠልኩ። ሙዲሩ ካውያውን ከእጄ ነጠቀኝ፣ ኸላስ፣ በቃ፣ ሂድ ውጭ ተቀመጥ አለኝ። ፀሐይ ላይ ተቀመጥኩ።

ማታ ጋሽ ታደለ አየኝ፣ አየኝና፣ ያቺ ጎረቤትህ እናትህ ናት እንዴ አለ። ነገርኩት። ይስቃል ብዬ ጠበቅኩ። አልሳቀም። እሱ አገሩ የእድር ጸሐፊ ነበር። የውሸት ለቅሶ ድንኳን የተሸከምኩት እኔ ብሆን፣ ድንኳኑን ነው ራሷ ላይ የምጥለው አለኝ። እናትህን ከእድር ያስወጧታል። ብትታመም ደጇን የሚረግጥ፣ ስትሞት ቃሬዛ የሚይዝላት አይኖርም። አንተ እዚህ፣ አባትህ እዚያ። ማን ሊቀብራት ነው?

ስለ ሕንፃው ልቀልድ አፌን ከፈትኩ። በዚያው ሳህኖቹን ሰብስቤ ላጥብ ወጣሁ።

ሐሙስ፣ ጥቅ. 13። ከቀኑ 11 ሰዓት

መልስ። ቴፑ ለጣቢያው ተሰጥቷል፣ መቀየር አይቻልም፣ ስምዎ በጥሩ ቦታ ገብቷል፣ እንኳን ደስ አለዎት። እንኳን ደስ አለዎት!

ለመ/ርት ሰብለ ደወልኩ። ለእናትህ ቀድመህ ንገራት፣ በሰው ፊት እንዳትሰማው አለች። ልክ ናት። ግን እንዴት? ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አምስት ጊዜ ደወልኩ። ሁልጊዜ ሰው አለ። አንዷ በርበሬ ትቀነጥሳለች፣ አንዷ ፀጉር ታስራለች። በጧት ስደውል ከእትዬ ዘነቡ ጋር ወደ ቤተ ክርስቲያን መንገድ ላይ። እማዬ ወደ ጓዳ ግቢ ብላት፣ ምነው ልጄ ታመምክ እንዴ ብላ ጮኸች፣ ሴቶቹም አብረው ጮኹ። አልታመምኩም ብዬ ማሳመን ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ።

ደብዳቤ? በስልክ ጽፌ ልላክ? የሚያነብላት የእትዬ ዘነቡ ልጅ ናት። ድምፅ ቀድቼ ብልክም የምትከፍትላት እሷው ናት። እኔ መጻፍ በመቻሌ ነው ይህ ጣጣ የመጣው፤ እማዬ ማንበብ ባለመቻሏ ደግሞ አልፈታ አለ።

ሰይድ ድራማውን ደግሞ ከፍቶት አገኘሁ። የታችኛው ፎቅ ልጆች ሳይቀሩ መጥተው ይስቃሉ፤ አማርኛ አያውቁም፣ በዶሮው ነው የሚስቁት። ተዋናይዋ ደረቷን ትደቃለች። ስልኩን በጥፊ አልኩት። ከቆርቆሮው ላይ ወድቆ መስታወቱ ተሰነጠቀ። ሰይድ አንስቶ ጠረገው። ቢሰድበኝ ይሻል ነበር።

አሁን የማስበው ስለ በሩ ነው። ግንባሩ የተንኳኳው ልጅ። ሆዴን ይዤ ስቄበት ነበር። የእሱንስ ታሪክ ማን ላከው? የሆነ ሰው ነው። የሆነ ቤት በር አልነበረውም።

ቅዳሜ፣ ጥቅ. 15። ሱቅ

ዛሬ ምንም አላቃጠልኩም። አንድ ነገር መጣልኝ።

ስሜ መውጣቱ አይቀርም። እሺ። ሰፈሩ ምን ያውቃል? ወደ ዝዋይ የሄድኩት እኔ መሆኔን። በዚያ ጧት ስገባ አይተውኛል። በር ላይ ምን እንዳልኳት ግን የሰማ የለም። እሷ ብቻ። እኔ ብቻ።

ሞቷል ያልኳት እኔ ብሆንስ? አባቴ እንዲህ በላት ብሎኝ፣ ወይም ፈርቼ፣ ወይም ስካር ነበር፣ የፈለጉትን ይበሉ። እማዬ አታውቅም። ልጇን አምና አለቀሰች። ማን እናትን ከእድር ያስወጣል ልጇ ስለዋሻት?

ማታ

ለጋሽ ታደለ ነገርኩት። አንተንስ ሰፈር ያስገቡሃል ወይ አለ። ሱፉን አየ። እኔም አየሁት።

ሳምንቱን ሙሉ ስም ስም ስል ከረምኩ። የጻፍኩት ላይ ስሜ እንዲኖር። አሁን ያልሠራሁት ላይ ልጽፈው ነው።

እሑድ፣ ጥቅ. 16። 9፡40

ሙዲሩ ከሰዓቱን ፈቀደልኝ። ከእጄ ቶቦቹን ለማዳን መሰለኝ። የምለውን ጽፌ ይዣለሁ፣ እንዳልንተባተብ። የጻፍኩትን ለሕዝብ ሳነብ የመጀመሪያዬ ነው። መ/ርት ሰብለ ለምረቃው አስነብብሃለሁ ብላ ነበር፣ አዳራሹ ሳይገኝ ቀረ። ይኸው ተገኘ። እንዲህ ይላል፦

እናቶቼ፣ ያያችሁት ታሪክ የእኛ ቤት ነው። አባቴ አልሞተም። ሞተ ብዬ ለእማዬ የነገርኳት እኔ ነኝ። እሷ እስከ ዛሬ አታውቅም። ድንኳኑን ያስተከልኩት፣ ንፍሮውን ያስቀቀልኩት፣ እናንተን ያስለቀስኩት እኔ አስቻለው ነኝ።

አራት ጊዜ አነበብኩት። የመጨረሻውን መስመር ድምፄን ከፍ አድርጌ። ጋሽ ታደለ ቀስ ብለህ አንብብ አለ። ሰይድ በዚያ በተሰነጠቀ ስልኩ ላይ ካርድ ሞላልኝ፣ በእሱ ደውል አለኝ።

11፡20

ስሜ አልፎ ሙዚቃው ሲያልቅ ደወልኩ። እማዬ አነሳች። ድምፁ ክፍት። የሚስቅ የለም። የሳሙና ማስታወቂያ ይሰማል፣ ከዚያ አንዷ ቴቪውን አጠፋችው። ያን ያህል ሴት ዝም ሲል ሰምቼ አላውቅም።

አነበብኩ። አንድ መስመር ዘለልኩ፣ ተመልሼ አነበብኩት።

መጀመሪያ እትዬ ዘነቡ። «አንተ! ሦስት ሌሊት ሲሚንቶ ላይ ተኝቼ ወገቤን ያስያዝከኝ አንተ ነህ?» ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ። ቄሱን፣ ፍትሐቱን፣ ሙት ዓመቱን ሳይቀር ቆጠሩብኝ። እማዬ ዝም። ዝም ስትል፣ አበቃ፣ ልትናገር ነው፣ እውነቱን ልታወጣው ነው አልኩ።

እሪ አለች።

ደብተሬ፣ ያው እሪታ ነው። የዚያን ጧቱ። የኔ ልጅ ነው? ከማህፀኔ የወጣ ልጅ ነው ባሌን የገደለብኝ? ደጄን እንዳትረግጥ! ዓይንህን እንዳላይ! ሴቶቹ እኔን ትተው እሷን ያዙ። እትዬ ዘነቡ፣ አይዞሽ፣ አይዞሽ እህቴ፣ ስትል ሰማሁ። ስልኩ ተቋረጠ።

ጋሽ ታደለ፣ የምሯን ነው ወይስ አለኝ። አላውቅም አልኩት። እውነቴን ነው። አላውቅም።

ሰኞ፣ ጥቅ. 17። ጧት 12 ሰዓት

ወደ ሱቅ የሚወስደንን መኪና ስጠብቅ ተደወለ። እማዬ። የሌሎቹ ሴቶች ድምፅ የለም፣ ማስተጋባት የለም። ድምፅዋ ጆሮዬ ውስጥ ነው። ማጥፋት ትችልበታለች ለካ! ለምን እስከ ዛሬ አልኳት። ልጄ እንደሚደውልልኝ ይስሙ ብዬ ነዋ አለች።

በላህ ወይ አለች። ሩዝ አልኳት። እትዬ ዘነቡ አጠገቧ መሬት ላይ ተኝታለች፣ ወገቧን እያመማት። ዛሬም ነገም እንዲሁ ሊያድሩ ነው። ቤቱ እንደገና ሞልቷል። እየተንሾካሾከች ነው የምታወራው።

ከዚያ ምን ብትል ጥሩ ነው? ያቺ የቴቪዋ ሴትዮ እሪታ አትችልም አለች። የኔ አይሻልም ነበር? ይሻል ነበር እማዬ አልኳት። በጣም ይሻል ነበር። ትናንት ደግሞ ከፊተኛውም የበለጠ ነበር። ትንሽ ሳቀች፣ በአፍንጫዋ። ለካ ጉራው ከዚያ ነው የመጣብኝ።

 ከዚያ፣ ለገና እንዳትመጣ አለች። በቁጣ አይደለም። ዘንድሮ አይሆንም፣ የሚመጣውም እንጃ፣ እትዬ ዘነቡ ፊትህን ካየች ለካ ታርቃችኋል ብላ ትነሳብኛለች። ሱፍ ገዝቻለሁ ልላት ነበር። እሺ አልኳት። እትዬ ዘነቡ ተንቀሳቀሰች፣ ነቃች መሰለኝ ብላ ዘጋችው።

ቆርጫለሁ። ሱፉ ለሰይድ፣ እጅጌው ቢያጥር ነው እንጂ ይሆነዋል። ፈቃዱን ዛሬ ለሙዲሩ እመልሳለሁ። በአውራ ጣት አይደለም፣ ፈርሜ። አራት ዓመት የለመንከውን ፈቃድ ለምን ትመልሳለህ ይለኛል። ቤታችን ለቅሶ ላይ ነው እለዋለሁ። ማን ሞተ ካለኝ፣ እኔ እለዋለሁ።